የአምባው እጣቢ

አንድ ንጉሥ ከተማውን በአምባ አናት ላይ ቆረቆረ። ጠላቱን ከሩቅ አሻግሮ ለማየት ነው ይባላል፤ ውሃው የት እንዳለ ግን አልጠየቀም። ውሃ የነበረው ከአምባው ወገብ ላይ፣ ከተሰነጣጠቀ ድንጋይ ሥር ከሚፈልቅ አንድ ምንጭ ብቻ ነው። ከምንጩ በላይ ቤተ መንግሥቱና የመኳንንቱ ግቢ ተሠራ። ከምንጩ በታች ሸማኔው፣ ቆዳ ፋቂው፣ ሸክላ ሠሪውና ጠላ ሻጩ ሰፈሩ። ከተማው በየዓመቱ ሰፋ። ምንጭ እንደ ከተማ በአዋጅ አይሰፋምና እርሱ እንደነበረ ቀረ።

በዚያ ከተማ የጌትነት መለኪያው በእንግዳ እጅና እግር ላይ የሚፈስ ውሃ ነበር። በአንድ ኩስኩስት እንግዳውን ሁሉ የሚያስታጥብ ቤት እንደ ድኻ ይቆጠራል። ጌታ የሚባለው ውሃው ከተጋባዡ ክንድ ላይ እስኪጎርፍ የሚያስፈስስ ነው። ማዕዱ ሲነሳ እንደገና ነው። እጣቢው ከሳህኑ ወደ ደጅ ይደፋል፤ ደጁ ላይ ጭቃ ያልታየበት ቤት እንግዳ የማይረግጠው ቤት ነው ተብሎ ይታማል። ስለዚህ በበጋ፣ የታች ሰፈር ሴቶች ባዶ እንስራ አዝለው ሲጋፉ፣ የጌቶች ደጅ ያዳልጥ ነበር። ይህን እንደ ጥፋት የቆጠረው አንድም ሰው አልነበረም። ወግ ነው ይሉታል። ወግ የተባለ ነገር ደግሞ ማንም አይጠይቀውም።

የምንጩ በር ቁልፍ በአጋፋሪ እንግዳሸት እጅ ነበር። አጋፋሪው የንጉሡን እልፍኝ የሚያስከብር ሹም ይሁን እንጂ እውነተኛው ሹመቱ ይህ ቁልፍ ነው። በመጀመሪያ የላይ ሰፈር አህዮች ይጭናሉ፤ ቀጥሎ አጋፋሪው የወደደው ይቀዳል፤ የተረፈው ለተረፈው ሰው ነው። ቶሎ ተራ የፈለገ ሰው የአጋፋሪውን ደጅ ይጠናል፤ ደጅ የሚጠና ሰው ደግሞ ባዶ እጁን እንደማይመጣ የታወቀ ነው።

ምንጩ እንደ ክር በቀጠነበት በአንድ በጋ ንጉሡ ቀጸላ የሚባል ሰው አስጠራ። ቀጸላ ሩቅ አገር ተምሮ የመጣ ውሃ ቀያሽ ነበር። ሚስቱ ሞታበት የውብዳር የምትባል አንዲት ልጁን ብቻውን አሳድጓል። ልጅቱ ለአንድ ባላባት ልጅ ታጭታ የሰርጓን ጊዜ እየጠበቀች ነበር።

«ከተማዬ ተጠምቷል» አለው ንጉሡ። «መላ ፈልግ።»

ቀጸላ በችኮላ አልመለሰም። ከክረምት እስከ ክረምት ከተማውን ዞረ። ሌላው ሰው ሁሉ ውሃው ከየት እንደሚመጣ ሲያስብ እርሱ ወዴት እንደሚሄድ ተከታተለ። ከዚያ በአንድ ትልቅ ገበቴ ውስጥ ከተማውን ከነቤቱ፣ ከነመንገዱ በጭቃ አበጅቶ እልፍኝ ገባና በቅል የያዘውን ውሃ ከአናቱ ላይ ጠብ ጠብ አደረገበት።

«ጃንሆይ፣ ከተማው ውሃ አላነሰውም» አለ። «አንዱን ውሃ አንድ ጊዜ ብቻ እየተጠቀመ ነው የሚጥለው። የላይ ሰፈር እጣቢ በዚህ ቦይ ይሰብሰብ። ቦዩ ምንጩን ሳይነካ በጎን ይውረድ። በመጀመሪያው ኩሬ ይዝቀጥ፤ ወደ ሁለተኛው ሲገባ በጠጠር፣ በአሸዋና በከሰል ይለፍ፤ ሦስተኛው ላይ ደንገል ይተከልና እዚያ ይረፍ። ከዚያ የሚወጣው ልብስ ያጥባል፣ ቆዳ ያለፋል፣ ጭቃ ያቦካል፣ ጎመን ያበቅላል። ዛሬ ይህ ሁሉ የሚሠራው በምንጩ ውሃ ነው። ይህ ከላዩ ከወረደለት ምንጩ ለአፍ ብቻ ይሆናል፤ ለአፍ ብቻ ከሆነ ለሁሉም ይበቃል። ከእንግዲህ የሚሠራ ቤትም ጣራውና ደጁ ወደ ቦዩ እንዲያዘነብል ይታዘዝ።»

ንጉሡ ሳቀ። «የፈሰሰ ውሃ አይታፈስም ሲባል አልሰማህም?»

«ሰምቻለሁ ጃንሆይ። ያሉት ሰዎች ቦይ አልነበራቸውም።»

እልፍኙ በሳቅ ሞላ። ንጉሡም መልሱን ወደደውና «በል ቆፍር» አለ።

ታች ሰፈር ግን ወሬውን በክፉ ሰማው። ጠላ ሻጯ እትዬ ዘነቡ፣ ምላሷን ሰፈሩ ሁሉ የሚፈራት ሴት፣ ቀጸላን መንገድ ላይ አስቆመችው።

«ጋሼ ቀጸላ፣ ግብራቸው አልበቃ ብሎን ደግሞ እጣቢያቸውን ልታመጣብን ነው?»

«አትጠጪውም እኮ። ልብስሽን ነው የምታጥቢበት።»

«የእነሱ እድፍ የኔን እድፍ ያስለቅቃል?»

«ካረፈ ያስለቅቃል። ውሃ ሲያርፍ ይጠራል።»

«እንግዲያ ባሌን አምጥቼ ኩሬህ ውስጥ ላሳርፈው፤ ከሰከረ ሰነበተ!»

በዙሪያው የነበረው ሁሉ ሳቀ። በማግስቱ ዶማ ይዛ ለቁፋሮ ከወጡት መጀመሪያ የታየችው እትዬ ዘነቡ ነበረች። ታች ሰፈር ተከትሏት ወጣ። ቦዩም ከታች ወደ ላይ እየተቀደደ እስከ ቤተ መንግሥቱ ቅጥር ደረሰ።

አጋፋሪ እንግዳሸት ይህን ሁሉ ሲያይ ቁልፉ በእጁ ውስጥ ሲቀልለው ተሰማው። ለሁሉም የሚበቃ ውሃ ባለበት ከተማ ደጅ የሚጠና ማን አለ? ነገር ግን ሥራውን አልተቃወመም። እንዲህ ያለ ሰው አይቃወምም፤ ያመሰግናል። ጌቶቹ ሁሉ በተሰበሰቡበት ቀን ተነሣና እጅ ነሣ።

«ጃንሆይ፣ ሊቃችን ድንቅ ሥራ ሠርተዋል። ከአላዋቂነቴ የመጣች አንዲት ትንሽ ጥያቄ ብቻ አለችኝ።»

«ጠይቅ።»

«ገላዎን የነካው፣ ጸጉርዎ የወደቀበት፣ ጥፍርዎ የተቆረጠበት ውሃ እስከ ዛሬ ተደፍቶ ይደርቅ ነበር። ከእንግዲህ ይሰበሰባል። ለመሆኑ ማን እጅ ይገባል?»

በዚያ አገር የሰው እጣቢ ጠላት እጅ ከገባ መተት ይሠራበታል ተብሎ ይታመናል። ጌቶቹ አንድ በአንድ እጃቸውን ወደ ኩታቸው ውስጥ ሰበሰቡ።

ቀጸላ ነገሩ ቀልድ መሰለው። የተማረ ሰው ስሕተቱ ይህ ነው፤ እውነቱን ከተናገረ የሚሰማው ይመስለዋል። «ጃንሆይ፣ የሁሉም እጣቢ ከተቀላቀለ በኋላ የማን የማን እንደሆነ ማን ሊለየው ይችላል?» አለ።

«አዩልኝ ጃንሆይ» አለ አጋፋሪው በለሆሳስ። «ስለ መለየቱ አስቦበታል።»

ንጉሡ የጭቃውን ከተማ በዓይኑ አይቷል፤ ውሃው እንዴት እንደሚወርድ ገብቶታል። አንድ ቃል ቢናገር ነገሩ እዚያው ይሞት ነበር። ግን ንጉሥ የሚፈራው መተትን ብቻ አይደለም። ጌቶቹ ሁሉ ሲፈሩ ብቻውን ሳይፈራ መታየትንም ይፈራል። ስለዚህ ዝም አለ፤ ዝምታው ፍርድ ሆነ። አዋጅ ነጋሪው ገበያው መሐል ካለው ዋርካ ሥር ቆሞ ነጋሪት መታ። «ቀጸላ መተተኛ ነው! የሰማህ ላልሰማ አሰማ!»

ቦዩን የቆፈሩት እጆች ራሳቸው መልሰው ደፈኑት። ቀጸላን አልገደሉትም፤ ለትምህርቱ ክብር ሲባል ነው ተባለ። ከላይ ሰፈር ወርዶ ከፋቂዎቹ ሰፈር ዳር እንዲኖር፣ ከምንጩም ከሰው ሁሉ በኋላ እንዲቀዳ ተፈረደበት። የባላባቱ ልጅ ቤተሰብ ሽማግሌ ልኮ እጮኝነቱን አፈረሰ። ሽማግሌዎቹ ጨዋ ሰዎች ነበሩ፤ «በልጅቱ እንከን አላገኘንም፤ ቤቱ ነው» አሉ። ቀጸላ እንስራውን ይዞ ምንጩ ዘንድ ሲመጣ እትዬ ዘነቡ የራሷን እንስራ አንሥታ ትሸሽ ነበር። ያቺ ዶማ ይዛ የቀደመችው ዘነቡ።

አሁን የሚሆነውን ልብ በሉ። ቦዩ ተደፈነ፤ ፍርሃቱ ግን አልተደፈነም። ጌቶቹ እጣቢያቸውን ደጅ መድፋት ተዉ። እያንዳንዱ ከጓሮው ጥልቅ ጉድጓድ አስቆፍሮ፣ በታማኝ አገልጋይ እጅ እያስደፋ፣ ድንጋይ ይከድንበት ጀመር። የውሃው ብክነት እንዳለ ነው፤ ጭቃው ብቻ ከዓይን ጠፋ። ቀጸላ ይህን በሰማ ጊዜ ክብሩን ዋጥ አድርጎ አጋፋሪው በር ሄደና ለዘበኛው እንዲህ አለው።

«ለጌታህ ንገርልኝ። አምባው የተሰነጠቀ ድንጋይ ነው። ጉድጓድ የገባ ውሃ እዚያ አይቀመጥም፤ ሰርጎ ይወርዳል። ከበታቹ ያለው ምንጩ ነው።»

ዘበኛው ገብቶ ተመለሰ። እየሳቀ ነበር። «‹እጣቢዬ ወዴት እንደሚሄድ መተተኛ ምን አስጨነቀው?› ብለዋል።»

ዓመታት አለፉ። ውሃው መጀመሪያ ከበደ፤ ቀጥሎ አንዳች አንዳች የሚል ሽታ አመጣ። የሆድ ሕመም ከቤት ወደ ቤት ዞረ። በታች ሰፈር ልጆች ሲሞቱ የፈጣሪ ቁጣ ነው ተባለ። በላይ ሰፈር አንድ ልጅ ሲታመም ግን የቀጸላ መተት ነው ተባለ። የአጋፋሪው ሰዎች ቤቱን በረበሩና ገበቴውን አገኙ። ትንንሽ ቤቶች፣ ትንንሽ መንገዶች፣ ትንሽ ቤተ መንግሥት። «ከተማችንን በገበቴ ውስጥ አስሯታል!» ብለው ጮኹና ከደጃፉ ላይ ከስክሰው ሰባበሩት። ጎረቤት ቆሞ አየ። የውብዳር ብቻ ጎንበስ ብላ ስብርባሪውን ጠረገች።

በዚያው ዓመት አጋፋሪ እንግዳሸት ሴት ልጁን ዳረ። ሙሽራው ቀድሞ የውብዳር እጮኛ የነበረው ያው የባላባት ልጅ ነው። ሰርጉ ታላቅ ነበር። ሙሽራይቱ፣ ሚዜዎቿና የቤቱ ሴቶች ሁሉ እጅና እግራቸውን በእንሶስላ አቀሉ። እንደ ወጉ ታስሮ አድሮ በተፈታ ጊዜ ያ ሁሉ እጅና እግር ታጠበ። ቀይ እጣቢው በሳህን በሳህን እየሆነ ወደ ጓሮው ጉድጓድ ገባ፤ ድንጋዩም ተከደነበት።

ጥቂት ቀናት አልፈው አንድ ማለዳ ምንጩ ቀልቶ ተገኘ።

«ደም! ምንጩ ደም ሆነ!» ብላ አንዲት ሴት ጮኸች። ሰፈሩ ግልብጥ ብሎ መጣ። ገሚሱ ተንበረከከ፤ ገሚሱ «ያን መተተኛ አምጡት!» አለ። ድንጋይ ያነሣም ነበር። እትዬ ዘነቡ ሰዉን በክርኗ እየገፋች ገብታ በጭልፋ ቀዳች። አሸተተችው፤ በጣቶቿ መሐል ፈተገችው።

«የምን ደም ነው? እንሶስላ ነው።»

«እንሶስላ ከድንጋይ ይፈልቃል እንዴ?»

«ከድንጋይማ አይፈልቅም። ከሙሽራ እግር ነው የሚታጠበው።» ቀና አለች። «ሰሞኑን የዳረ ማን ነው?»

ሁሉም አንገቱን ሰቅሎ ወደ ላይ ሰፈር አየ። ከዚያ ወደ እንስራው አየ። ቀጸላ የነገራቸው ኩሬ፣ ጠጠር፣ አሸዋና ደንገል በመሐል ሳይኖር፣ ይህን ሁሉ ዓመት የጌቶችን እጣቢ ሲጠጡት ኖረዋል። ልብስ ሊያጥቡበት የተጸየፉትን ለልጆቻቸው አጠጥተዋል። በዚያ ዓመት ልጇን የቀበረች አንዲት እናት እንስራዋን ከድንጋዩ ጋር አላተመችው። ስባሪው እግሯን ሲቆርጣት አላየችም።

ወሬው ከአህዮቹ ቀድሞ ቤተ መንግሥት ገባ። ንጉሡ በእጁ የያዘውን የብር ዋንጫ ቁልቁል አየ። እርሱም ያንኑ ነው የሚጠጣው። የሁሉንም ጌታ እግር ታጥቦ የመጣ ውሃ፤ የራሱም ጭምር። በመተት የተፈራው እጣቢ ያለ አንዳች መተተኛ፣ በጌቶቹ በራሳቸው እጅ፣ ከዋንጫው ገብቶ ተገኘ።

ጉድጓዶቹ በአዋጅ ተደፈኑ፤ ቀጸላም ተጠራ። ሌላ ሰው ቢሆን ባለመሄድ ይበቀል ነበር። እርሱ ግን የእነዚያን ልጆች መቃብር በየማለዳው እያለፈ ነበር ውሃ የሚቀዳው። «እሠራለሁ» አለ። «ደመወዜን ሥራው ሲያልቅ እጠይቃለሁ።»

ሥራውም አለቀ። እጣቢው ምንጩን በጎን አልፎ ወረደ፤ ዘቀጠ፣ ተጣራ፣ አረፈ። የጌቶቹ የመተት ፍርሃት ምን ሆነ ብላችሁ አትጠይቁ፤ ካህናት ኩሬዎቹን ባረኩ ተባለና ፍርሃቱ በአንድ ቀን ለቀቃቸው። በበጋ ለመጀመሪያ ጊዜ ታች ሰፈር ጎመን በቀለ። ምንጩም ጠርቶ ለሁሉም በቃ። የመጀመሪያው ኩሬ የንጉሡ ኩሬ ተባለ። ሁለተኛው ሥራውን በበላይነት መርተዋል ተብሎ በአጋፋሪ እንግዳሸት ስም ተጠራ። ሦስተኛው ደንገል ስላለበት ደንገሌ ተባለ። ለቀጸላ ስም የተረፈ ኩሬ አልነበረም። አጋፋሪው አልተቀጣም፤ የኩሬዎቹ ጠባቂ ሆኖ ተሾመ እንጂ። አንድ የነበረው ቁልፍ በዛለት።

ንጉሡ ቀጸላን አስገብቶ «መሬት ልስጥህ? ካባ ላልብስህ? የምትፈልገውን ንገረኝ» አለው።

«ጃንሆይ፣ አዋጅ ነጋሪው ከዚያው ዋርካ ሥር ይቁምና፣ ነጋሪቱን እንደዚያው መትቶ ‹ቀጸላ መተተኛ አልነበረም› ይበል። ሌላ አልፈልግም። ልጅ አለችኝ።»

ንጉሡ ዓይኑን ከቀጸላ ላይ አነሣ። «ይህን ካስነገርሁ ያን ጊዜ ተሳስቼ ነበር ማለቴ ነው።»

«ተሳስተው ነበር ጃንሆይ።»

«አንተም ታውቃለህ፣ እኔም አውቃለሁ። ይህ አይበቃህም? መሬቱን ውሰድ።»

«ያን ጊዜ የፈሰሰ ውሃ አይታፈስም ብለውኝ ነበር። ይኸው ታፈሰ።»

«ያ ውሃ ነዋ!» አለ ንጉሡ። ድምፁ ውስጥ ቁጣ አልነበረም፤ ድካም እንጂ። «ቃል ግን ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው። ለቃል ቦይ የሚቀድ ሰው ገና አልተወለደም።»

ቀጸላ እጅ ነሥቶ ወጣ። መሬቱን አልወሰደም።

በዚያ ከተማ የታች ሰፈር እናቶች፣ በደንገሌ ውሃ ያደገ ጎመን እየቀነጠሱ፣ ለልጆቻቸው «በዚያ ቤት ደጅ እንዳታልፉ፣ ሰውየው መተተኛ ነው» ይላሉ። ልጆቹ «ምን አደረገ?» ብለው ሲጠይቁ መልሱ ዝግጁ ነው። «የቆሸሸ ውሃ ይዞ ንጹሕ ያደርገው ነበር። ያለ መተት እንዴት ይሆናል?»

የውብዳር ጸጉሯ በአባቷ ቤት ሸበተ። ምሳ ሲቀርብ ለአባቷ እጅ ትንሽ ውሃ ታንቆረቁራለች። እጣቢው ከደጃፋቸው ተነሥቶ በቀጭኗ ቦይ ሲሄድ ሁለቱም ይመለከታሉ።

«ወዴት ሄደ አባዬ?» ትለዋለች አንዳንዴ፣ ለቀልድ ያህል።

«ወደ ጎመናቸው» ይላታል።

ታሪኩ ይህ ነው። ትምህርቱም የተሰወረ አይደለም። ከተማ የሚደፋው ነገር ሁሉ ተመልሶ ወደ ከተማው ይገባል። በግልጽ ሰብስበህ፣ አጣርተህ፣ ሳታፍር ያልተጠቀምህበትን እጣቢ፣ አንድ ቀን ሳታውቀው ከነእድፉ ትጠጣዋለህ። በደልም እንደዚሁ ነው። ተሳስቼ ነበር ብሎ ያላጠራው ሰው ድንጋይ ከድኖ ይቀብረዋል፤ የተቀበረውም ሰርጎ ከልጅ ልጆቹ ምንጭ ውስጥ ይወጣል። ያ ከተማ ውሃን ማጣራት ተማረ። ቃሉን ማጣራት ግን አልፈለገም፤ ቀጣዩ ቀያሽ ሲመጣም የሚጠብቀው ያው ዋርካና ያው ነጋሪት ነው።

እናንተስ? ዛሬ ጠዋት ፊታችሁን የታጠባችሁበት ውሃ ወዴት እንደሄደ ታውቃላችሁ? ካላወቃችሁ፣ የሚያውቅ ሰው በከተማችሁ አይጠፋም። ግን ከመጠየቃችሁ በፊት አስታውሱ፤ ያን ሰው ባለፈው ጊዜ ምን ብላችሁ ነበር የጠራችሁት?